አባቴ ያለውን ሁሉ በሰጠ ጊዜ

አባቴ ሀብቱን በሙሉ ለተቸገሩ ሲሰጥ ንግግሩን የጻፍኩለት እኔ ነኝ። ይህን የምናገረው ለመመስገን አይደለም። ምነው ያን ቀን እጄን በቆረጠው ያልኩበት ጊዜ ይበዛል።

የምሠራው እዚሁ ሀዋሳ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። ለአለቆች ደብዳቤ፣ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግርና የምስጋና ወረቀት አረቅቃለሁ። ከብዙ ዓመት ልምድ በኋላ ቃላቱ ሳላስባቸው ከእጄ ይወጣሉ፤ "ክቡራትና ክቡራን" ብዬ ከጀመርኩ መጨረሻው ራሱ ይመጣል። ስለዚህ አባቴ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ መጥቶ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ "ልጄ፣ እሑድ የምናገረው ነገር አለኝ፤ ቆሜ ስናገር ስለሚበተንብኝ ጻፊልኝ" ሲለኝ የግማሽ ሰዓት ሥራ መስሎኝ ነበር።

እሑድ የገንዘብ ማሰባሰቢያ እንዳለ አውቅ ነበር። ጧሪ ለሌላቸው አረጋውያን መኖሪያ ሊሠራ ታስቦ፣ የከተማው ነጋዴ ሁሉ ተጠርቷል።

"ምን ልትሰጥ ነው?" አልኩት እስክሪብቶ እያነሳሁ።

"ያለኝን።"

"እሱማ አዎ፤ ግን ምኑን?"

"ሁሉንም ነው የምልሽ። ሕንፃውን፣ መጋዘኑን፣ ግቢያችንን። ሕንፃው ይከራያል፤ በኪራዩ አረጋውያኑ ይበላሉ፣ ይታከማሉ። ግቢው ውስጥ ደግሞ ይኖራሉ።"

አባቴ የቤት መሥሪያ ዕቃ ነጋዴ ነው። ታቦር ሰፈር ካሉት ቤቶች ግማሹ የእሱን ቆርቆሮ ነው የለበሱት እየተባለ ይቀለዳል። እናቴ ከሞተች ወዲህ ከጸሎት ሲወጣ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ከሚቀመጡት ሽማግሌዎች ጋር ማውራት ጀምሮ ነበር። ከመካከላቸው አንደኛው የድሮ ደንበኛው ሆኖ አገኘው፤ ቤት የሠራ፣ ልጆች ያሳደገ፣ ከዚያ ሁሉም የተበተነበት ሰው። አባቴ ከዚያ ቀን በኋላ እህል አልወርድ እንዳለው ነገረኝ፤ አመንኩት። አሁንም አምነዋለሁ። አባቴ ሌባ አይደለም፣ አስመሳይም አይደለም። ይህን ከወዲሁ መናገር ያለብኝ ኋላ የምለው ሌላ እንዳይመስልብኝ ነው።

ኮራሁም፣ ፈራሁም። ከዚያ የተለመደውን ጻፍኩ። "ማንም ሳይረዳኝ፣ ባዶ እጄን ተነስቼ፣ በገዛ ላቤ ያፈራሁትን ሀብት..." ይህችን ዓረፍተ ነገር ለስንቱ ጽፌያታለሁ! አባቴ ወረቀቱን ተቀብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። "ጥሩ ነው" አለና አጥፎ ኪሱ ከተተው።

በእኛ አገር አዳራሽ ውስጥ ቃል መግባት ጨረታ ነው። አንዱ ነጋዴ ተነስቶ አንድ መኪና ሲሚንቶ ይላል። መድረክ መሪው አይለቀውም፤ "እኚህ አባት አንድ ብለው ይቀመጣሉ እንዴ? እስቲ እልል በሉላቸው!" ይላል። እልል ሲባል አንዱ ሁለት ይሆናል፤ ሰውየው ሚስቱን ሳያይ ሦስት ብሎ ይቀመጣል። በማግስቱ ከቃል ገቢዎቹ ግማሾቹ ስልካቸውን ያጠፋሉ። ሁሉም ይህን ስለሚያውቅ ማንም አይገረምም። አባቴ ወረቀቱን ይዞ ሲወጣም መድረክ መሪው ሊጎተጉተው ተዘጋጅቶ ቆሞ ነበር። ግን ሁሉንም ያለ ሰው ምን ይጨምር? መድረክ መሪው ማይክሮፎኑን ዝቅ አደረገ። ከዚያ እልልታው ቀለጠ። የቤተ ክርስቲያናችን ፓስተር አለቀሱ፤ ስልኮች ተነሱ፤ "ጌታ ይባርክዎት" የሚለው ድምፅ ከየአቅጣጫው መጣ።

እኔ ግን አባቴን እያየሁ አልነበረም። አጠገቤ የተቀመጠችው አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት ነበረች፤ እጇ እጄ ውስጥ ነበር። አባቴ "ማንም ሳይረዳኝ" የሚለውን ሲያነብ እጇን ቀስ ብላ አወጣችና ነጠላዋን አስተካከለች። ነጠላዋ ምንም አልሆነም ነበር። ዞራ አላየችኝም። ያን ጊዜ የጻፍኩት ገባኝ።

አባቴና አክስቴ ከገጠር ወደ ሀዋሳ የወረዱት ወላጆቻቸው ሲሞቱ ነው። እሱ ገና ተማሪ፣ እሷ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ነበረች። አሮጌ ገበያ መደብ ይዛ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ እየሸጠች አስተማረችው። ሚስማር መሸጥ የጀመረችውም እሷ ናት። ገበሬው ቅቤውን ሸጦ ሚስማርና ማጠፊያ ፍለጋ ከተማውን ሲዞር አይታ፣ "እኔ ጋ ቢያገኘው ምን አለበት?" ብላ ከቅቤው ጎን ዘረጋችው። መደቡ ሱቅ ሲሆን ንግድ ፈቃድ ማውጣት ግድ ሆነ። እሷ ማንበብና መጻፍ አትችልም፣ እሱ ይችላል። "በስምህ አውጣው" አለችው፤ በዚያው አለቀ። ከዚያ ወዲህ የመጣው ወረቀት ሁሉ ያንን የመጀመሪያውን ወረቀት ተከትሎ የሄደ ነው።

ይህን ሁሉ የነገረችን ራሷ ናት፤ ለእኔና ለወንድሜ፣ እያሳቀች። ባሏ በወጣትነቷ ሞቶባት ልጅ ሳትወልድ ቀርታለች። ታቦር ያለው ግቢ ሲሠራ ከኋላ፣ ከእንሰቱ አጠገብ፣ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተሠራላት። እናቴ ሱቅ ስትውል ያጠበችን፣ ያጎረሰችን፣ ስናጠፋ የቆነጠጠችን እሷ ነች። ግቢያችን ስንል እሷን ጨምረን ስለሆነ በወረቀት የማን እንደሆነ አስበን አናውቅም። አባቴ "ሁሉንም" ሲል የእሷም ቤት እዚያ ውስጥ መግባቱን አላሰበውም። እኔም ስጽፍ አላሰብኩትም።

ሰኞ ጠዋት ስንነሳ የከተማው ወሬ እኛ ሆነናል። ቪዲዮው ከስልክ ስልክ ሲዞር ዋለ። "እንዲህ ያለውን አባት ያብዛልን" የማይል አልነበረም። ባጃጅ ነጂዎች አባቴን ሒሳብ አንቀበልም አሉት፤ ሁሉን የሰጠ ሰው ከየት ያመጣል ብለው ይሆናል። ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ሌላኛው ወሬ መጣ። "በሽታ ይዞታል፤ ሐኪም ቀን ቆርጦለታል።" "ግብር ተቆልሎበት ነው።" "በጉብዝናው ምን ቢሠራ ነው እንዲህ ያለ ንስሐ የሚገባው?" ቢሮ አጠገቤ የምትቀመጠው የጎጃሟ ባልደረባዬ፣ ክፋት የሌላት ሴት፣ "የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው አሉ፤ እናንተ እንግዲህ ምን ልትሆኑ ነው?" ብላ ሳቀችብኝ። አንዱ የማላውቀው ሰው ከቪዲዮው ሥር "ልጆቹ ይሄኔ መርዝ እየፈለጉለት ነው" ብሎ ጻፈ፤ ስንትና ስንት ሰው ሳቀለት። ደሜ ፈላ። ሰው በሩን እንኳ አንኳኩቶ የማያውቀውን ቤት እንዴት ገብቶ ወለሉ ላይ እንዲህ ይተፋበታል?

በራችን ላይ የሐኪም ወረቀት በፌስታል የያዙ ሰዎች መሰለፍ ጀመሩ። አባቴ "ሰጥቻለሁ እኮ፣ አሁን በእጄ ምንም የለም" ሲላቸው አያምኑትም። አንዷ እናት ጭቅጭቁ ሲበዛባት "ለማያውቁት ሰው ከሰጡ ለእኔ ምን አነሰኝ?" ብላ በሩ ላይ ተቀመጠች። ለፍቼ ጨምበላላ፣ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ጉዱማሌ አደባባይ ስንወጣ ደግሞ ወጣቶች እየጎተቱ አብሯቸው ፎቶ አስነሱት፤ አክስቴ ፎቶው ውስጥ እንዳትገባ ገለል ብላ ስትጠብቀው አየኋት። ከሚያመሰግኑትም፣ ከሚያሙትም መካከል እሷን ያነሳ አንድም ሰው አልነበረም። ያችን ዓረፍተ ነገር ሁሉም አምኗታል።

አንድ ቀን ደፍሬ "አባዬ፣ አክስቴስ?" አልኩት።

"እሷ ምን ትሆናለች?" አለኝ ከልቡ ገርሞት። "የእኔ ነገር የእሷ አይደለም እንዴ? እኔ ደስ ካለኝ ደስ ይላታል።"

"መደቡ እኮ የእሷ ነበር።"

"አዎ፣ ብዙ አግዛኛለች። ጌታ ብድሯን ይክፈላት።"

አግዛኛለች! እየዋሸ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ፊቱን አየሁት፤ ረስቶታል። ሰው "ባዶ እጄን ተነስቼ" ብሎ በሺህ ሰው ፊት ካነበበና ሺህ ሰው እልል ካለለት በኋላ እንደዚያ እንደነበረ ያምናል። የሰጠሁት እኔ ነኝ ያንን ቃል። ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይላል የአገሬ ሰው፤ የእኔ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ውስጥ ውስጡን ነቀዘ።

አዲስ አበባ የሚኖረው ወንድሜ በሁለተኛው ሳምንት መጣ። የመጣው ለአክስቴ ብሎ ሳይሆን ለድርሻው ነው፤ አልዋሽበትም፣ እሱም አልደበቀም። ከአባቴ ጋር ተጯጯኸና "ሶንጎ ይቀመጥልኝ" አለ። ሶንጎ የእኛ የሲዳማ ሽማግሌዎች ሸንጎ ነው። እዚያ ፊት የቀረበ ሰው ሀላሌን፣ እውነተኛውን እውነት፣ መናገር አለበት፤ እዚያ የተዋሸ ውሸት ዘር ማንዘርን ይከተላል ይባላል። እኔ በልቤ ደስ አለኝ። ሽማግሌዎቹ ከጠየቋት አክስቴ እውነቱን ትናገራለች፤ እኔም አባቴን ሳላሳዝን፣ አፌን ሳልከፍት፣ ነገሩ ይቃናል ብዬ ነበር። ፈሪ ሰው ሁልጊዜ ሌላ ሰው እንዲናገርለት ይጠብቃል።

ቅዳሜ ጠዋት ሰባት ሽማግሌዎች ግቢያችን አቮካዶው ጥላ ሥር ተቀመጡ። ወንድሜ አባታችን ሳያማክረን ቤታችንን በተነ ብሎ ከሰሰ። አባቴ "ቃሌ ነው፤ ከአፌ ወጥቷል፤ አልመልሰውም" አለ። ሁለቱንም ሰምተው ሲያበቁ ትልቁ ሽማግሌ በትራቸው ላይ ተደግፈው ተናገሩ።

"ሀብት በአንድ እጅ ብቻ አይፈራም። በዚህ ንብረት ላይ የእኔም እጅ አለበት የሚል ካለ ዛሬ ይናገር። ዛሬ ዝም ብሎ ነገ መናገር ነውር ነው።" ከዚያ ወደ አክስቴ ዞሩ። "ታላቅ እርስዎ ነዎት። እጅዎ አለበት?"

አክስቴ የአቮካዶውን ግንድ ይዛ ተነሳች። ጉልበቷን ያማታል። ሁላችንንም አንድ በአንድ አየችን፤ አባቴን፣ ወንድሜን፣ እኔን። እኔ ላይ ትንሽ የቆየች መሰለኝ።

"ወንድሜ በሕዝብና በፈጣሪ ፊት ቃል ገብቷል" አለች። "የእኔ እጅ የለበትም። ቃሉን ይፈጽም።"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቀና ብለው አዩዋት። የአሮጌ ገበያ ሰው ናቸው፤ መደብ ላይ ያውቋታል። "ልብ ብለዋል?" አሏት ቀስ ብለው።

"ልብ ብያለሁ።"

ከዚያ ትልቁ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺስ ልጄ? የምታውቂው ነገር አለ?"

ምላሴ ላይ ነበር። ሦስት ቃል ይበቃኝ ነበር። ግን ያሳደገችኝን ሴት በሰባት ሽማግሌዎች ፊት ዋሽታለች ልበል? ይህ አንዱ ምክንያቴ ነው፤ ለራሴ ብዙ ጊዜ የምነግረው ይህንኑ ነው። ሌላውን ግን እዚህ ልጻፈው። ነገሩ ከፈረሰ አባቴ ቃሉን ያጠፈ ሰው ተብሎ የከተማው መሳቂያ ይሆናል፤ ያ ከቪዲዮው ሥር የሳቀብን ሰው ሁሉ ሐቀኛ ይሆናል፤ እኔ ደግሞ የመርዝ ፈላጊዎቹ ልጆች አንዷ እሆናለሁ። ለስሜ ፈራሁ።

"የለም" አልኩ።

ሁለት ሴቶች ከተዉ በኋላ ወንድሜም አፈረና ተወ። ሽማግሌዎቹ መረቁን፤ አባቴ እህቱን አቅፎ አለቀሰ፤ እሷም ጀርባውን መታ መታ አደረገችው።

ሽማግሌዎቹን ሸኝተን ስንመለስ ተከትያት ወደ ቤቷ ገባሁ። "ለምን?" አልኳት። "ለምን እንዲህ ታደርጊያለሽ?"

አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን እያሸች ነበር። ከእኔ ጋር ስንሆን የምናወራው በሲዳምኛ ነው። "እጄ አለበት ብል ወንድሜ ሐሰተኛ ሊባል ነው" አለችኝ። "ቃል ገብቶ ያላደረሰ ሰው ጦሱ ለልጆቹ ነው የሚተርፈው። ልጆቹ እናንተ ናችሁ። እኔ ሌላ ልጅ የለኝም።" ከዚያ ያለ ቁጣ፣ ማወቅ ብቻ ፈልጋ ጠየቀችኝ። "እኔስ ለእናንተ ብዬ ዋሸሁ። አንቺ ለማን ብለሽ ዝም አልሽ?"

 ውሃ ልቅዳልሽ ብዬ ወጣሁ።

አባቴ ውልና ማስረጃ ሄዶ ፈረመ። ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ሁለት ክፍል ተከራይቶ ገባ። እንደዚያ ቀልሎት አይቼው አላውቅም፤ ገበያ ሄዶ ድንች እየመረጠ ይገዛ ጀመር፤ ወፈረ እንኳ። አክስቴን "ነይ አብረን እንኑር" ሲላት "እንሰቴን ማን ይጠብቅልኛል?" አለችው። እኔም "እኔ ጋ ነይ" አልኳት። አንዴ አልኳት። በእኛ ደንብ አንዴ የተባለ ነገር እንዳልተባለ ነው። ለእንግዳ ምግብ ሲቀርብ እንኳ በሞቴ፣ አፈር ስሆን ተብሎ ሦስቴ ካልተለመነ እጁን አይሰድም። ይህን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፤ ያስተማረችኝም እሷ ናት። የእኔ ቤት ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ነው። ልጆቼ አንድ ክፍል ይጋራሉ፤ ባለቤቴ እንግዳ ሲቆይ ፊቱ ይጠቁራል። አንዴ ብዬ ዝም አልኩ፤ እሷም ዝም ያልኩትን ሰማች። "ጌታ ይስጥሽ ልጄ፣ ደረጃው ለጉልበቴ አይሆንም" አለችኝ።

የአረጋውያኑን ማዕከል የሚያስተዳድሩት ወጣቶች ደህና ልጆች ናቸው። ግቢውን አጸዱ፣ መጸዳጃ ቤት ጨመሩ፣ የመጀመሪያዎቹን አረጋውያን አስገቡ። ደንባቸው ግን ጥብቅ ነው። የለጋሽ ዘመድ በዘመድነቱ እዚያ መኖር አይችልም። ሌላ ቦታ ለጋሾች ዘመድ አዝማዳቸውን ሰብስበው ድሃው በር ላይ ቀርቶ እንደሚያውቅ አስረዱኝ። እኔም ብሆን ይህንኑ ደንብ ነበር የማወጣው። ሥራ አስኪያጇ፣ ቀጠን ያለች ትሑት ልጅ፣ "ቤታቸውንማ አንነካባቸውም" አለችኝ። "እንደማንኛውም ጧሪ እንደሌላቸው እናት ይመዝገቡና እዚያው ይኑሩ። አንድ ቅጽ መሙላት ብቻ ነው።" ለአባቴ ስነግረው "ሙሊላት፤ ወረቀት አይደል?" አለ።

ከሥራ ስወጣ ቅጹን ይዤ ሄድኩ። ፀሐዩ በርዶ ነበር፤ አረጋውያኑ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተደርድረው ያወጋሉ። አክስቴ ደጇ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ቅጹን ጭኔ ላይ ዘረጋሁ። ስም ጻፍኩ። ዕድሜዋን ገምተን ጻፍን። "ንብረት" ይላል፤ "የለም በይ" አለችኝ፤ የለም አልኩ። "ገቢ" ይላል፤ የለም። ቀጥሎ ያለው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።

"ምን ይላል?" አለችኝ። ማንበብ ባትችልም የሰው ፊት ታነባለች።

"የሚጦርዎት፣ ሲሞቱም የሚቀብርዎት ዘመድ አለዎት ወይ? ይላል። አለ ካልን አይመዘግቡሽም።"

አክስቴ አየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ። አለኝ፣ አንቺ አለሽልኝ እንድትል ለመንኩ፤ በሆዴ ለመንኩ። እንዲያ ብትል ቅጹን ቀድጄ፣ ያን አራት ፎቅ ተሸክሜም ቢሆን አወጣት ነበር፤ ባለቤቴ እንደፈለገ ይሁን እል ነበር። ይህን አሁን ሳስበው እውነት ይመስለኛል። ግን እኔም አልተናገርኩ፤ ጥያቄው ወደ እኔ የተጠየቀ መሆኑን እያወቅሁ ቀለም ጨርሶ እንደሆነ ለማየት ይመስል እስክሪብቶውን አገላበጥኩት።

"የለም በይ" አለችኝ ቀስ ብላ። እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች፤ የምታጽናናው እኔን ነበር።

የለም የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረግሁ። ከታች "ከላይ የተገለጸው እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ" ይላል። እሷ አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ ጫን አድርጋ አተመች። ከጎኑ፣ ምስክር በሚለው መስመር ላይ፣ እኔ ፈረምኩ።